ድንጋዩ ዳኛ

ከለንደን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ኤፒንግ የሚባል ደን አለ። በደኑ ውስጥ አጋዘን፣ ቀበሮ፣ ጥንቸል፣ ጃርት፣ ፍልፈልና የሌሊት ወፍ ይኖራሉ፤ ከደኑ ዳር ካለው መስክም ፈረሱ፣ በጉ፣ ፍየሉና ውሻው እየመጡ አብረዋቸው ይውላሉ። እነዚህ እንስሳት ለብዙ ዘመን ሕግ አልነበራቸውም። የመታ ይመታል፤ የገደለ ይሞታል። አስቦ የገደለውና ሳያስብ የገደለው እኩል ነበሩ። የቆመበት ቅርንጫፍ ተሰብሮ ከሥር ባለው ላይ የወደቀ ሽኮኮ እንኳ ጅራቱን ይቆረጥ ነበር።

አንድ ቀን አያ ቁራ ከከተማ መጣ። አያ ቁራ ዕድሜውን የጨረሰው ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የወንጀል ፍርድ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ይህ ፍርድ ቤት የድሮው የኒውጌት እስር ቤት በነበረበት ቦታ ተሠርቶ በዚያ አገር አቆጣጠር በ1907 የተከፈተ ነው። በጉልላቱ ጫፍ ላይ በወርቅ የተለበጠች ሴት ቆማለች፤ በቀኝ እጇ ሰይፍ፣ በግራ እጇ ሚዛን ይዛለች። ዐይኗ አልተሸፈነም። አያ ቁራ ከሚዛኑ ሳህን በአንዱ ላይ እየተቀመጠ ከታች የሚካሄደውን ክርክር ሁሉ ይሰማ ነበር፤ እሱ ያልደረሰበትን ደግሞ ከአባቱና ከአያቱ ተቀብሎታል።

«የሰዎቹን ሕግ ላምጣላችሁ» አላቸው። «የሕጉ ራስ አንድ ቃል ነው። ልብ ካልበደለ፣ እጅ ብቻውን በደለኛ አይሆንም።»

እንስሳቱ ይህን ሲሰሙ እጅግ ደስ አላቸው። ጅራተ ቆራጣው ሽኮኮ አለቀሰ። ያን ዕለት ሸንጎ ተቀምጠው፣ ዐይኗ ትልቅ ንግግሯ ጥቂት ነውና እመት ጉጉትን ዳኛ አደረጉ። እመት ርግብ ጸሐፊ ሆነች፤ ዝይዎቹ ዘብ ሆኑ። አያ ቁራ ሕጉን ሊያስታውስ ከዳኛዋ በስተቀኝ ተቀመጠ። በደኑ መካከልም በእሾህ የታጠረ በረት ተሠራ።

መጀመሪያ የቀረበው አያ ጥንቸል ነው። አያ ጥንቸል ዳክዬዎቹ ሌሊት ሌሊት መብረቅ እየላኩ ሊገድሉኝ ነው ብሎ ካመነ ወራት አልፎት ነበር። አንድ ማለዳ አንዷን ዳክዬ ገደለ።

አያ ቁራ ተነሣ። «በ1843 አንድ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩን የገደለ መስሎት የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ በሽጉጥ ገደለ። ያሳድዱኛል ብሎ የሚያምን በሽተኛ ነበርና በእብደቱ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ተባለ። ንግሥቲቱ ተቆጡ፤ ሹማምንቱም ዳኞቹን ጠየቁ። ዳኞቹ እንዲህ ብለው መለሱ፦ ከአእምሮ በሽታ የተነሣ የሚሠራውን ያላወቀ፣ ወይም የሚሠራው ክፉ መሆኑን ያላወቀ፣ እሱ ጥፋተኛ አይባልም፤ እብድ ይባላል።»

አያ ጥንቸል እብድ ተብሎ ወደ በረቱ ገባ። እንስሳቱ ሁሉ «ፍርድ ማለት ይህ ነው» ተባባሉ።

በማግስቱ አያ ፈረስ ቀረበ። አያ ፈረስ የሚጥል በሽታ አለበት። አንድ ጠዋት ከአባ በግ ጋር ቆሞ ሲያወጋ ወደቀ፤ አረፋ ደፈቀ፤ እግሮቹ ተወራጩ፤ በዚያ መካከል የአባ በግን ጉልበት መታ። ሲነቃ የሆነውን አያውቅም። አባ በግ ሲያነክሱ አይቶ «ምነው አባቴ፣ ማን መታዎት?» ብሎ ጠየቃቸው።

እመት ጉጉት ወደ አያ ቁራ ዞረች።

«በ1983 እንዲሁ ዐይነት ነገር ቀርቦ ነበር» አለ አያ ቁራ። «ሰውዬው የሚጥል በሽታው ተነሥቶበት ሳለ ወዳጁን ረገጠ። የበላይ ዳኞቹ ሎርዶች እንዲህ አሉ፦ አእምሮን ያጠፋው ነገር በሽታ ከሆነ፣ በሽታው አንጎል ውስጥም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ለአፍታም ይቆይ ለዘላለም፣ ስሙ እብደት ነው። ስለዚህ ዳኛ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ነገሩ የመጣው ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?»

«አያ ፈረስ፣ ሕመምህ ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?» ብላ ጠየቀች እመት ጉጉት።

«ከውስጥ ነው።»

«እንግዲያው እብድ ነህ።»

አያ ፈረስ አንገቱን ደፋ። ውርንጭላዎች አሉት፤ ውርንጭላዎቹም ከችሎቱ ጀርባ ቆመው ይሰማሉ። «ክብርት ዳኛ» አለ፤ «እብድ ከምባል፣ አውቄ መታሁት ልበልና ወንጀለኛ በሉኝ።»

አያ ቁራ «ያ ሰውም እንዲሁ ነበር ያለው» አለ። ተከሳሹ ጥፋቱን ስላመነ ምስክር አልተጠራም። አያ ፈረስ ጆሮው ላይ የወንጀለኛ ምልክት ተደርጎበት ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ውሾች ቀረቡ። ሁለቱም የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ሁለቱም ከእመት ጃርት ዘንድ መርፌ ይወስዳሉ። አንደኛው መርፌውን ወስዶ ሳይበላ ዋለ፤ ማታ ራሱን ስቶ ጎረቤቱን ነከሰ። ሁለተኛው በላ፤ መርፌውን ግን ሳይወስድ ሰነበተ፤ እሱም ራሱን ስቶ የሰው ጋሪ እየጎተተ ሄደ። ሁለቱም ያደረጉትን አያስታውሱም።

«ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?» አለች እመት ጉጉት።

አያ ቁራ መለሰ። «በ1973 መርፌውን ወስዶ ያልበላ ሰው ነበር። መርፌ ከውጭ ነው ተባለ። በ1989 ደግሞ መርፌውን ያልወሰደ ሰው መኪና ወስዶ ተያዘ። እሱን ያሳተው በሽታው ራሱ ነው፤ በሽታ ከውስጥ ነው ተባለ።»

መርፌ የወሰደው ውሻ በነጻ ወደ ቤቱ ሄደ። መርፌ ያልወሰደው ውሻ እብድ ተብሎ በረት ገባ። እናቱ እመት ጃርትን እየተከተለች «አንቺ አንድ መርፌ ብቻ ብትወጊው ኖሮ ልጄ ጤነኛ ነበር» ትላት ነበር።

ከዚያ የሌሊት ወፍ መጣች። ቀን ተኝታ ሳለች በእንቅልፍ ልቧ ተነሥታ ጓደኛዋን መታች። በ1991 በእንቅልፍ ልቡ ወዳጁን የመታ ሰው ጉዳይ ተነሣ። እንቅልፍስ ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ከውስጥ ነው ተባለ። የሌሊት ወፍም እብድ ሆነች። ሆኖም በዚያው ዓመት የሰዎቹ ሕግ ተሻሽሎ፣ እብድ የተባለ ሁሉ የግድ እንዳይታሰር ለዳኛው ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ስለዚህ የሌሊት ወፍ በረት አልገባችም፤ «እብድ» የሚል ቅጠል አንገቷ ላይ ታስሮላት ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ከጎኗ ተንጠልጥሎ የሚተኛ አልተገኘም።

መኸር ሲደርስ ከዛፍ የወደቀው ፖም መሬት ላይ ፈላ። ሁለት ፍየሎች ጠግበው በሉና ሰከሩ። አንደኛው ወግቶ የጥንቸል እግር ሰበረ፤ ሁለተኛው ወግቶ ሽኮኮ ገደለ። ሁለቱም «ምን እንደሠራን አናውቅም» አሉ።

አያ ቁራ እንዲህ አለ። «በ1976 ሎርዶቹ ይህን ቆርጠውታል። ወዶ የሰከረ፣ ለመማታት ስካሩ ምክንያት አይሆንለትም። ከባድ ግድያ ግን አስቦ መግደልን ይጠይቃል፤ ስካሩ ሐሳቡን ካጠፋበት ወደ ቀላል ግድያ ይወርድለታል።»

እግር የሰበረው ፍየል የተከሰሰበት ሁሉ ተፈረደበት። የገደለው ፍየል ክሱ ዝቅ አለለት።

በዚያው ሰሞን ፍልፈል ከዚያው ፖም በልቶ ሆዱን አመመውና ወደ እመት ጃርት ሄደ። እመት ጃርት ዐይኑን ገልጣ አየችው። «ሰክረሃል እንጂ አልታመምክም» አለችና ተኝቶ እንዲወጣለት ጥግ ላይ አስተኛችው። ዝይዎቹ ደረሱ። ፍልፈልን በሁለት ወገን ይዘው፣ እየጎተቱ አውጥተው፣ ከመንገዱ መካከል አቆሙት። ከዚያ አንዷ ዝይ ለእመት ርግብ «ጻፊ» አለች፤ «ፍልፈል ሰክሮ በመንገድ ላይ ተገኘ።»

«ራሳችሁ ናችሁ ያመጣችሁኝ» አለ ፍልፈል።

እመት ጉጉት አያ ቁራን አየችው። አያ ቁራ በ1983 በኬንት አውራጃ ፖሊሶች አንድ ሰካራም ከሆስፒታል አውጥተው መንገድ ላይ ካደረሱት በኋላ፣ መንገድ ላይ ሰክሮ ተገኘ ብለው ከሰውት እንደ ተፈረደበት ተናገረ። ሕጉ «ተገኘ» ይላል እንጂ «ማን አመጣው» አይልም። ፍልፈልም ተፈረደበት።

ክረምት ገባ። አባት ቀበሮ ሚስቱን ጠላ። አንድ ሌሊት ትንሹን ልጁን ከጉድጓዱ አውጥቶ «እናትህን ግደል፤ አለዚያ አሁኑኑ አንተን እገድልሃለሁ» አለው። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ገባና የተኛች እናቱን አንገቷ ላይ ነከሳት። እናቲቱ ደምታ ዳነች።

አያ ቁራ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ይህም አለ» አለ። «በ1884 ሁለት መርከበኞች በትንሽ ጀልባ ባሕር ላይ ቀርተው፣ በረኀብ ሊሞቱ ሲሉ አብሯቸው የነበረውን ልጅ አርደው በሉ። ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ወደ ስድስት ወር እስራት ተለወጠላቸው። ዳኛው ያን ጊዜ፣ ራሳችን ልንደርስበት የማንችለውን ልክ ለመትከል ብዙ ጊዜ እንገደዳለን ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የገዛ ነፍስን ለማዳን ያልበደለን ሰው ነፍስ ማጥፋት መከላከያ ሆኖ አያውቅም። በ1987 ደግሞ፣ አስገድደውኝ ነው ያለም ከባድ ግድያ ከሆነ አይሰማም ተባለ። በ1992 አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቀረበ። አባቱ እናትህን ካልገደልክ እገድልሃለሁ ብሎት፣ እናቱን በቢላ ወግቷት፣ እሷ ተርፋለች። ለመግደል መሞከርም ከመግደል አይለይምና ፍርሃቱ መከላከያ አይሆንለትም ተባለ።»

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለ ትንሹ ቀበሮ።

«መሞት» አለች እመት ጉጉት። ድምፅዋ አልተለወጠም። እናት ቀበሮ አንገቷ እንደ ታሰረ ተነሥታ «እኔ አልከሰስኩትም» አለች። እመት ርግብ ግን ከሳሹ ደኑ ነው ብላ አስቀመጠቻት።

ቀጥሎ የዶሮዎቹ ነገር መጣ። አንድ አውራ ዶሮ ሚስቱ ከሌላ አውራ ዶሮ ጋር ስትለቅም አይቶ በዚያው ቅጽበት ነቁሮ ገደላት።

«ቁጣህ ምን ያህል ቆየ?» አለች እመት ጉጉት።

«ምንም አልቆየም፤ እዚያው ነው።»

በ1949 አንድ ዳኛ፣ ቅጣት የሚያቀልለው ቁጣ ድንገት የመጣና ለጊዜው ራስን ያስጣለ መሆን አለበት ብሎ ነበር። አውራ ዶሮው ቅጣት ቀለለለት።

ከእሱ ቀጥላ እመት ዶሮ ቀረበች። ባሏ ለዐሥር ዓመት ነቁሯታል። አናቷ ላይ አንድ ላባ የለም፤ ቆዳው ጠቁሮ ጠንክሯል፤ አንድ ዐይኗ ፈስሷል። አንድ ሌሊት ባሏ እስኪተኛ ጠበቀች። ከዚያ ከቆጡ ገፍታ ጣለችው፤ ሞተ።

«ቁጣሽ ምን ያህል ቆየ?»

«ዐሥር ዓመት።»

«እንግዲያው ቁጣ አይደለም» አለች እመት ጉጉት፤ «ዕቅድ ነው።» እመት ዶሮ የዕድሜ ልክ ተፈረደባት።

ሦስት ዓመት በበረት ቆየች። በ1992 በሰዎቹ አገር እንደ እሷ ለሆነች አንዲት ሴት ጉዳይዋ ዳግም እንዲታይላት ተፈቅዶ ነበርና የእመት ዶሮም ነገር እንደ ገና ተነሣ። ቁጣዋን ግን አሁንም አልተቀበሉትም። በ1957 የወጣ ሌላ ሕግ አለ፤ አእምሮው በሕመም የተጎዳ ገዳይ ወደ ቀላል ግድያ ይወርድለታል ይላል። «ልብሽ ታሞ ነበር በይ፤ ትወጫለሽ» አሏት። እመት ዶሮ አንድ ዐይኗን ጨፍና ብዙ አሰበች። «ታምሜ ነበር» አለችና ወጣች። በ2009 ቁጣ የግድ ድንገተኛ መሆን የለበትም የሚል አዲስ ሕግ ሲመጣ፣ አያ ቁራ ሊነግራት ጎጆዋ ድረስ በረረ። እመት ዶሮ ግን ቀደም ብላ አርፋ ነበር።

በጸደይ ስምንት ወጣት ድንቢጦች ተሰብስበው ወደ አይጦች ሰፈር ሄዱ። ሊያስፈራሩ ነው የሄዱት። ከስምንቱ አንዱ አንድ አይጥ ነቁሮ ገደለ። ሰባቱ አልነኩትም፤ ሁለቱ እንዲያውም አጥሩን አልተሻገሩም።

እመት ጉጉት ሰባቱን በተራ ጠየቀች። «ጓደኛችሁ ምናልባት ይነቁር ይሆናል ብላችሁ አስባችሁ ነበር?»

«ምንቃር አለው» አሉ ድንቢጦቹ፤ «ምንቃር ያለው ሊነቁር ይችላል።»

«አስባችኋላ!» አለች እመት ጉጉት። በ1984 በወጣ ፍርድ፣ ሊሆን ይችላል ብሎ የገመተና እያወቀ አብሮ የዘለቀ ከገዳዩ እኩል ይቈጠር ነበር። ስምንቱም በከባድ ግድያ በረት ገቡ። የገደለው ድንቢጥ በበረት ውስጥ የሰባቱን ፊት ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ እሾሁ አዙሮ ይተኛ ነበር።

በ2016 የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ያን ጊዜ ሕጉ መንገድ ስቶ ነበር ብሎ ተናገረ። ሊሆን ይችላል ብሎ መገመት ማስረጃ ነው እንጂ በደል አይደለም አለ። አያ ቁራ ይህን ይዞ ሲመጣ ሰባቱ ድንቢጦች በደስታ ዘለሉ።

«ክፈቱልን እንግዲህ!»

«ይግባኝ የምትሉበት ጊዜ አልፏል» አለች እመት ጉጉት። «መንገዱ መሳቱ ብቻ አይበቃም። ብርቱ የፍርድ መጓደል እንደ ደረሰባችሁ እያንዳንዳችሁ አስረዱ።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት መንገድ የሳተው ማን ነው?» አለ ከመካከላቸው አንዱ። እመት ርግብ ይህን አልጻፈችውም፤ ከመዝገቡ ውጭ ነበር።

ከዚያ የግልገሎቹ ቀን ደረሰ። በደኑ የልጆች ዕድሜ በጨረቃ ይቈጠራል። ሁለት መንታ የአጋዘን ግልገሎች ሲጫወቱ አንዲት ጎጆ ከቅርንጫፍ አራግፈው ጣሉ፤ ውስጧ የነበረች ጫጩት ሞተች። ከመንታዎቹ አንደኛው የተወለደው ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው፤ ሁለተኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ።

«በሰዎቹ አገር ከዐሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከሰስም» አለ አያ ቁራ። «ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ያለው ደግሞ ክፉውን ከደጉ አይለይም ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ይለያል ያለ ከሳሽ ማስረዳት ነበረበት። በ1998 ይህን ሽረውታል። አሁን ዐሥር የሞላው ልጅ አዋቂ የሚጠየቀውን ይጠየቃል።»

ትልቁ መንታ የዚያን ዕለት ዐሥር ጨረቃ ሞልቶታል። ለታናሹ ጥቂት ሰዓት ይቀረው ነበር። ታናሹ ወደ እናቱ ጡት ተመለሰ። ታላቁ በተከሳሽ ቦታ ቆመ። ቦታው በግንድ የተከለለ ነውና ከግንዱ በላይ የሚታየው የጆሮው ጫፍ ብቻ ሆነ።

«በ1993 በፕሬስተን ከተማ ሁለት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጆች ሲዳኙ፣ ወዲያ ማየት እንዲችሉ ወለሉን ከፍ አድርገውላቸው ነበር» አለ አያ ቁራ።

ዝይዎቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተው ከእግሩ ሥር አደረጉለት። ግልገሉ ቆመበት። አሁን ፊቱ ይታያል። በአፉ ዙሪያ ወተት ነበር። እመት ጉጉት ፍርዷን አነበበች፤ ግልገሉ ስትጨርስ «አሁን ወደ ቤት ልሂድ?» አለ።

በዚህ ሁኔታ በረቱ ሞላ፤ እሾሁም ሁለት ጊዜ እየተነቀለ ሰፋ። አንድ ቀን እመት ጉጉት እንደ ልማዷ በቀን ተኝታ ሳለች በሕልሟ ክንፏን ዘረጋች፤ ከቅርንጫፏም ወደቀች። የወደቀችው በእመት ርግብ ጎጆ ላይ ነው። ሁለት እንቁላል ተሰበረ።

ሸንጎው ተሰበሰበ። ሌላ ዳኛ ስለሌለ እመት ጉጉት ጥያቄውን ራሷ ለራሷ ጠየቀች። «ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?» ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። «ከውስጥ ነው» አለች። «እኔ እብድ ነኝ።» ቅጠሉን ራሷ አንገቷ ላይ አሰረች።

እንስሳቱ ተጨነቁ። እብድ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የአዲሱን ዳኛ መስፈርት አወጡ። ዳኛው ታሞ የማያውቅ፣ ተኝቶ የማያውቅ፣ ሰክሮ የማያውቅ፣ ፈርቶ የማያውቅ፣ ተቆጥቶ የማያውቅ፣ ከማንም ጋር ወጥቶ የማያውቅ፣ ልጅ ሆኖም የማያውቅ ይሁን አሉ። ደኑን ሁሉ ፈለጉ። ሰባት ቀን ፈልገው፣ ከኮረብታው ጫፍ አንድ ድንጋይ አገኙ። መስፈርቱን ሁሉ ያሟላ ነበር።

ድንጋዩን በዳኛው ጉቶ ላይ አስቀመጡት። ተከሳሽ ሲቀርብ ዝይዎቹ ክሱን ያነባሉ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም ይጠብቃሉ። ድንጋዩ ዝም ካለ ክሱን እንዳጸደቀ ይቈጠራል። ድንጋዩ ዝም ይላል። በዚያ ወር ነጻ የወጣ አልነበረም። ዝይዎቹ «እንዲህ ያለ የማያዳላ ዳኛ አይተን አናውቅም» ይሉ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ዝናብ ሌት ተቀን ዘነበ። ከጉቶው ሥር ያለው አፈር ላላ። ድንጋዩ ተንከባለለና በስተቀኙ የተቀመጠውን የአያ ቁራን ክንፍ ሰበረ።

እንስሳቱ አያ ቁራን ከበቡት። «ድንጋዩ ይከሰስ?» አሉት።

አያ ቁራ ሕመሙን እንደ ምንም ችሎ መለሰ። «አይከሰስም። ልብ ካልበደለ፣ እጅ ብቻውን በደለኛ አይሆንም። ድንጋይ ልብ የለውም። ነጻ ነው።»

ያን ጊዜ ከበረቱ እሾህ ማዶ የግልገሉ ድምፅ ተሰማ። «አያ ቁራ» አለ፤ «አያ ፈረስ በወደቀ ጊዜ ልቡ የት ነበረ?»

የመለሰ አልነበረም። አያ ቁራ ክንፉን ደግፎ ብዙ ከቆየ በኋላ እንዲህ አለ። «ሰዎቹም ይህን ጠይቀውታል። በ2013 ሕግ የሚያጠናው ኮሚሽናቸው፣ የ1843ቱ ደንብ ይሻር፣ እብድ የሚለው ስም ይቅር፣ በሕመሙ ምክንያት ራሱን መግዛት ጨርሶ ያልቻለ ሰው እንደ በሽተኛ ይታይ የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ሕግ አልሆነም። አሮጌው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል።»

«የሰዎቹ ጽሑፍ ሕግ እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?» አለች እመት ርግብ። ከተሰበሩት እንቁላሎች በኋላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «እመት ጉጉት በጎጆዬ ላይ ስትወድቅ ተኝታ እንደ ነበር ዐውቃለሁ። ክፉ ብትባል አልወድም፤ እብድ ብትባልም አልወድም። ጎጆ በሌለበት ቅርንጫፍ ትተኛ እንጂ።»

ሸንጎው ሌሊቱን ሙሉ ተከራከረ። ፍየሎቹ ሁሉ ነገር ምክንያት ከሆነ ማን ሊጠየቅ ነው አሉ። አይጦቹ የሞተብንን ማን ይክሰን አሉ። እናት ቀበሮም ተናገረች፤ በፍየል የተገደለው ሽኮኮ እናትም ተናገረች። ስለ በረቱ አልተስማሙም። ሊነጋጋ ሲል ግን በአንድ ነገር ተስማሙ። የእያንዳንዱ ተከሳሽ መዝገብ በተራ ይከፈት፤ በእያንዳንዱም «ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ» በሚለው ፈንታ «በዚያች ሰዓት ሌላ ነገር ማድረግ ይችል ነበር ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ያየ ሁሉ ይመስክር።

የመጀመሪያው መዝገብ የአያ ፈረስ ነበር። አባ በግ እያነከሱ መጥተው ቆሙ።

«ያን ቀን ያዩትን ይንገሩን» አለች እመት ርግብ።

«ከመውደቁ በፊት ስሜን ጠራኝ» አሉ አባ በግ። «እየመጣብኝ ነው፣ ራቁ አባቴ አለኝ። ዐይኑ ዞሮ ነበር። ጭንቅላቱ ከድንጋይ እንዳይጋጭ ብዬ ልደግፈው የቀረብኩት እኔ ነኝ። እግሩ መታኝ፤ እሱ ግን አልመታኝም።»

«አያ ፈረስ ጥፋተኛ ነኝ ሲል በችሎቱ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ይህን ስለ ምን አልተናገሩም?»

«የጠየቀኝ አልነበረም» አሉ አባ በግ።